የተዘጋው በርና በውስጡ የነበሩ ልጆች



ቅዱስ ማርቆስ በወንጌሉ ምዕራፍ 5 ከቁጥር 21 እስከ 43 የሚተርክልን የኢያኢሮስ ታሪክ ለሁላችንም የታወቀ ነው። ኢያኢሮስ የምኵራብ አለቃ፣ በሕዝብ ዘንድ የተከበረ፣ ሌሎች ለጉዳያቸው ደጅ የሚጠኑት ሰው ነበር። የ12 ዓመት ልጁ ለሞት በተቃረበች ጊዜ ግን ክብሩን ረስቶ በሕዝብ ፊት በጌታችን እግር ሥር ወደቀ። ጌታም አብሮት ሄደ። ገና በመንገድ ሳሉ የልጅቷ መሞት ተነገረ፤ ከቤቱ ሲደርሱም ደጁ በለቀስተኛ ተሞልቶ ነበር። ጌታ ያን ሁሉ ሕዝብ አስወጥቶ፣ አባቷንና እናቷን ከሦስቱ ደቀ መዛሙርት ጋር አስከትሎ ልጅቷ ወዳለችበት ክፍል ገባ። እጇን ይዞ አስነሣት፤ በመጨረሻም የምትበላው ነገር እንዲሰጧት አዘዘ።

ይህን ወንጌል ዛሬ ልናሰላስለው የወደድነው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ወር በጂንካም ሆነ በመላው ደቡብ ኦሞ ሕዝቡ ከየአደባባዩ ተበትኖ በየቤቱ ገባ፤ በሩም ተዘጋ። ያን ጊዜ የ6 ዓመት ሕፃን የነበረች ልጅ በዚህ በ2018 ዓ.ም. እንደ ኢያኢሮስ ልጅ 12 ዓመት ሆኗታል። እኛ አዋቂዎች ስለዚያ ዘመን ስንጫወት የገበያውን መቀዝቀዝ፣ የቱሪስቱን መቅረት፣ የቅዳሴውን መታጎል እናነሣለን። ከተዘጋው በር በስተ ውስጥ ልጆቹን ምን እንዳገኛቸው የጠየቅን ግን ጥቂቶች ነን። እንግዲህ ከጌታ ጋር ወደዚያ ክፍል እንግባ።

በሩ የተዘጋበት ዘመን

የዓለም ጤና ድርጅት ኮሮናን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ብሎ በሰየመ በሁለተኛው ቀን፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ በሽታው በሀገራችን መገኘቱ ተነገረ። መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ፤ በመላ ኢትዮጵያም ከ26 ሚሊዮን የሚበልጡ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታቸው ተለዩ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ በአንድ ስፍራ መሰብሰብም ተከለከለ። የዚያ ዓመት የጌታችን የትንሣኤ በዓል ሚያዝያ 11 ቀን ሲውል፣ ሌሊቱን በቤተ ክርስቲያን ማደር የለመደው ምእመን በየቤቱ ሆኖ አከበረው።

ከዚያ አስቀድሞ መጋቢት 18 ቀን ነፍሰ ኄር ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በዝናብ በራሰውና ሰው በሌለበት በቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ቆመው ስለ ዓለም ሁሉ ሲጸልዩ ያሰላሰሉት ወንጌል፣ በማርቆስ ምዕራፍ 4 የሚገኘው የማዕበሉ ታሪክ ነበር። ሁላችንም በአንድ ጀልባ ላይ መሆናችንን አሳሰቡን። ነገር ግን ወንጌሉን ገልጠን ብንቀጥል አንድ ነገር እናስተውላለን። ታሪኩ በማዕበሉ ጸጥ ማለት አያበቃም። ያው ጌታ ባሕሩን ተሻግሮ፣ በመንገዱ የተሠቃዩትን እየፈወሰ፣ በምዕራፍ 5 መጨረሻ የሚደርሰው ወደ አንዲት ልጅ መኝታ ነው። እኛ ማዕበሉ ሲያልፍ ጉዟችን ያበቃ መስሎን ነበር፤ እስከ ልጅቷ ክፍል አልዘለቅንም።

በዚያን ጊዜ የደቡብ ኦሞ ዞን ዋና ከተማ በነበረችው በጂንካ የኑሮው ገጽታ በጥቂት ቀን ተለወጠ። ከአሪ ደጋ፣ ከበና፣ ከሙርሲ ሰው የሚሰበሰብበት የቅዳሜ ገበያ ፈዘዘ። ባህላችንን ለማየት ከሩቅ ይመጣ የነበረው እንግዳ ሲቀር አስጐብኚው፣ የሆቴል ሠራተኛዋ፣ ሸክላና ዶቃ የምትሸጠው እናት ባዶ እጃቸውን ቀሩ። እንግዳን አቅፎ መሳም፣ በአንድ ቅል የቡና ገለፈት ተቀባብሎ መጠጣት፣ ሐዘንተኛን ከብቦ ማደር የፍቅራችን ቋንቋ ነበር፤ ያ ሁሉ አስፈሪ ነገር ሆነ። እጃችሁን አሥሬ ታጠቡ ተባለ፤ ምክሩም ትክክል ነበር። ነገር ግን ውኃ ከሩቅ በጄሪካን ተቀድቶ በሴቶች ጀርባ በሚመጣበት አገር፣ አሥሬ መታጠብ ለአንዲት ልጃገረድ አሥሬ ወደ ወንዝ መመላለስ ማለት ነበር።

መከራውም ለብቻው አልመጣም። በዚያው ዓመት የበረሃ አንበጣ በደቡብ ቆላዎች ሳይቀር አዝመራና ግጦሽ አጠፋ፤ በክረምቱም ማብቂያ የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በዳሰነች ብዙ ቤተሰብ አፈናቀለ። እንግዲህ የእኛ ልጆች በአንድ ዓመት ውስጥ በሽታን፣ ራብንና ውኃ ሙላትን በአንድነት ያዩ ናቸው።

ልጆቹ የተሸከሙት

ትምህርት ቤቶች ከገጠር ጀምሮ በየደረጃው የተከፈቱት በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ነው። ለአዋቂ ሰባት ወር አጭር ነው። ፊደል መለየት ለጀመረ የአንደኛ ክፍል ልጅ ግን ሰባት ወር ፊደሉን የሚረሳበት ዘመን ነው። ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይሰጥ ስለ ነበር መብራት ያለው፣ ባትሪ መግዛት የሚችል ቤት ተጠቀመ። ከአዳሪ ትምህርት ቤት ወደ ሐመር፣ ወደ ዳሰነች፣ ወደ ኛንጋቶም መንደራቸው የተመለሱት ልጆች ግን ደብተራቸውን ሰቅለው ወደ ከብት ጥበቃ ገቡ። ከብት መጠበቅ ክቡር ሥራ ነው፤ አባቶቻቸው የኖሩበት ነው። ሆኖም ከመንጋው ኋላ ከሄዱት ልጆች ወደ ክፍላቸው ያልተመለሱ አሉ። በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች ይሰጥ የነበረው ምገባም አብሮ በመቋረጡ፣ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ የእንጀራ መሶብም የተዘጋባቸው ነበሩ።

በከተማችን ደግሞ የሊስትሮ ሣጥን ያነሡ፣ ሙዝና ሎሚ በሳሕን ይዘው መንገድ ለመንገድ የዞሩ ልጆች በዙ። አባት ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ ልጅ የቤት አስተዳዳሪ ሆነ። ሴት ልጆች ላይ የወደቀው ሸክም ከሁሉ የከበደ ነበር። ትምህርት ቤት ለሴት ልጅ ፊደል የምትቆጥርበት ስፍራ ብቻ ሳይሆን ያለ ዕድሜ ከሚመጣ ጋብቻ የሚከልላት አጥር ጭምር ነው። አጥሩ ሲወድቅና የቤቱ ችግር ሲበረታ የጥሎሽ ወሬ በጓዳ ይጀመራል።

ሌላም በግልጽ ልንናገረው የሚገባን ነገር አለ። ቤት ለሁሉ ልጅ መጠጊያ አልነበረም። ገቢው የተቋረጠበትና ጭንቀቱን በአረቄ ሊያስታግሥ የሞከረ አባት ቁጣውን ያወረደው በሚስቱና በልጆቹ ላይ ነው። ከዚያ በፊት በልጁ ፊት ላይ የተለየ ነገር አይቶ የሚጠይቅ መምህር ነበር፤ ከትምህርተ ክርስቶስ በኋላ ወደ ቤቱ መሄድ የፈራውን ልጅ የምታስተውል ካቴኪስት ነበረች፤ በቡና ሰዓት ጐራ የምትል ጐረቤት ነበረች። በሩ ሲዘጋ ያ ሁሉ ዓይን ተጋረደ። ‹በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም› ይባላል፤ ያን ዓመት በየቤቱ የተደበቀው በሽታ ኮሮና ብቻ አልነበረም።

የአንዲት ልጅ ጥያቄ

ስሟን የማንጠራትን አንዲት የትምህርተ ክርስቶስ ልጃችንን ታሪክ፣ ከወላጆቿ ፈቃድ ጠይቀን፣ ለትምህርት እንዲሆን እናቀርባለን። በ2012 ዓ.ም. የ6 ዓመት ሕፃን ነበረች፤ ከአያቷም ጋር በአንድ መደብ ትተኛ ነበር። በዚያ ወራት ወላጆች በቤት፣ እኛም በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ሕፃናትን የምናስጠነቅቅበት አንድ አነጋገር ነበረን፦ ‹እጅሽን ካልታጠብሽ አያትሽን ትገድያለሽ› እንል ነበር። ቃሉ በሽታውን ለመከላከል የታሰበ ነበር፤ ከአንድ ሕፃን ልብ ሲደርስ ምን እንደሚሆን ግን አላሰብንም።

ክረምቱ ሲገባ አያቷ ዐረፉ። ሕመማቸው ለብዙ ዓመት ይዟቸው የኖረ የልብ በሽታ ነበር፤ ሐኪምም ቤተሰቡም ያውቁታል። ለቅሶው በጥቂት ሰው ተፈጸመ፤ ልጅቷን ‹ሕፃን ናት፣ አታይም› ብለው ወደ ጐረቤት ወሰዷት። ስትመለስ መደቡ ባዶ ነበር። ማንም አጠገቧ ተቀምጦ አያቷ በምን እንደ ሞቱ አልነገራትም፤ እርሷም አልጠየቀችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን እጇን የመታጠቧ ነገር ልክ አጣ፤ የእጇ ቆዳ እስኪሰነጠቅ ትታጠባለች። ታናሽ እኅቷ አጠገቧ ስትተኛ ተነሥታ ወደ ሌላ ጥግ ትሄዳለች። እኛም ይህን እያየን ንጹሕ ልጅ፣ ሥርዓት ያላት ልጅ እያልን በሌሎች ልጆች ፊት አመሰገንናት።

ባለፈው ኅዳር ወር ከትምህርት በኋላ ወደ ቤቷ ስትሄድ ከካቴኪስቷ ጋር መንገድ ገጠሙ። በከተማችን ሌላ በሽታ መግባቱ የተነገረበት ሰሞን ነበር። ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦ ‹እትዬ፣ አሁን ደግሞ በማን ላይ ነው የማመጣው?› አለቻት።

ካቴኪስቷ በመንገድ መልስ ልትሰጣት አልወደደችም። ቤቷ ድረስ ሄዳ፣ አባትና እናቷን ጠርታ፣ አራቱም ተቀመጡ። እናት ነገሩን ስትሰማ አለቀሰች፤ ከዚያም አያቷ በምን ሕመም እንደ ዐረፉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻት። ልጅቷ ዝም ብላ ሰማችና፦ ‹ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?› ብላ ጠየቀች። አባትም እናትም መልስ አልነበራቸውም። እናት የልጅቷን ሁለት እጆች ይዛ እስኪመሽ ተቀመጠች። ዛሬ ሁሉ ነገር ተስተካክሏል ለማለት አንደፍርም፤ እጇን ዛሬም ከሚያስፈልገው በላይ ትታጠባለች። ከታናሽ እኅቷ አጠገብ መተኛት ግን ጀምራለች።

ውድ ምእመናን ሆይ! ይህች ልጅ ብቻዋን የመሰለችን እንደ ሆነ እንሳሳታለን። ሕፃን የማይገባውን ነገር ሲያይ የሚሰጠው ትርጓሜ ብዙ ጊዜ ‹በእኔ ምክንያት ነው› የሚል ነው። አባት የተቈጣው፣ እናት ያለቀሰችው፣ አያት የሞቱት በእርሱ ጥፋት ይመስለዋል። እኛም ‹የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ› እያልን፣ ጥሬውን ሰምተን እየሳቅን ብስሉን ጥለነዋል። አዋቂ ዝም ያለበትን ነገር ልጅ ለብቻው ይሸከመዋል። ከአምስት ዓመት በላይ በመካከላችን እየጸለየች፣ እየዘመረች፣ እየተመሰገነች የኖረችው ልጅ አንድ ጊዜ ተቀምጦ የሚነግራት ሰው ብታገኝ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር። ይህ በደል የእኛ የአስተማሪዎቿ ጭምር ነው።

በቤት ውስጥ የተገኘው ጸጋ

ይህን ስንል ያ ዘመን ጨለማ ብቻ ነበር ማለታችን አይደለም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ቤተ ክርስቲያን ባወጣው ሰነድ ቤተሰብን የቤት ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ተመልክቶታል። ብዙዎቻችን ይህን ትምህርት ለካቴኪስቶች ስናስተምር ኖረናል፤ በተግባር ያየነው ግን የቤተ ክርስቲያን በር በተዘጋ ጊዜ ነው። ማንበብ የምትችለው ልጅ ማንበብ ለማይችሉት ወላጆቿ ወንጌልን በየእሑዱ ያነበበችባቸው ቤቶች አሉ። መቁጠሪያ ከተሰቀለበት ወርዶ በማታ በየእጁ ገባ። ማለዳ ወጥቶ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ይመለስ የነበረ አባት፣ ልጁ ግራኝ መሆኑን ያን ጊዜ ማወቁን በኀፍረት አጫውቶናል።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ኅዳር 29 ቀን 2013 ዓ.ም. የቅዱስ ዮሴፍን ዓመት ያወጁትም ወረርሽኙ ገና ሳያልፍ ነበር። ቅዱስ ዮሴፍ በወንጌል አንድም ቃል ሲናገር አናነብም፤ ነገር ግን ሕፃኑንና እናቱን በሌሊት ይዞ ወደ ግብፅ ሲሰደድ እናየዋለን። የአባትነቱ መገለጫ በአደጋ ሰዓት ከሕፃኑ አለመለየቱ ነው። እንግዲህ ልዩነቱን ያመጣው የቤቱ ድህነት ወይም ብልጽግና ብቻ አልነበረም። ችግሩ እኩል በሆነባቸው ሁለት ቤቶች፣ በአንዱ ልጆቹ የሆነውን ነገር የሚነግራቸውና የሚያቅፋቸው ነበራቸው፤ በሌላው አልነበራቸውም።

ኅዳር እንደ ገና

አባቶቻችን ወረርሽኝን ያውቁታል። በ1911 ዓ.ም. በዓለም ሁሉ የተዛመተው ኢንፍሉዌንዛ በአዲስ አበባ ‹የኅዳር በሽታ› ተብሎ ተጠራ፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው የተረፉበት መቅሠፍት ነው። አንዱ ለሌላው ውኃ የሚያቀብል እስኪጠፋ ሙሉ ቤተሰብ በአንድ ጣራ ሥር ይወድቅ ነበር። መታሰቢያው በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ተጠርጎ ሲቃጠል፣ ‹ኅዳር ሲታጠን› እያልን የምናውቀው ልማድ ነው። ጭሱ ለልጅ ልጅ ተላለፈ፤ በዚያ ወር ወላጆቻቸውን አጥተው የቀሩት ልጆች ያዩትና የተሰማቸው ግን ብዙም አልተነገረም።

እኛም ኅዳር ገጠመን። ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. የማርበርግ ቫይረስ በሽታ በጂንካ መከሠቱ በጤና ሚኒስቴር ተረጋገጠ። ይህ በሽታ እንደ ኮሮና በትንፋሽ የሚዛመት ሳይሆን ከታመመ ወይም ከሞተ ሰው ደምና ሌላ የሰውነት ፈሳሽ ጋር በሚደረግ ንክኪ የሚተላለፍ ብርቱ በሽታ ነው። በመሆኑም የታመመን ወገን በእጅ መርዳት፣ የሞተን አጥቦ መገነዝ ዳግመኛ አደጋ ሆነ። በሽተኛ ሲያክሙ የነበሩ የጤና ባለሙያዎችም ሳይቀሩ ተያዙ። በጥር ወር ወረርሽኙ ማብቃቱ ታወጀ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ለደከሙት ሐኪሞችና ነርሶች ያለብን ምስጋና ከቃል በላይ ነው፤ ያረፉትንም ጌታ በመንግሥቱ ያሳርፍልን።

የእነዚያ ሁለት ወራት ፈተና ለእኛ አንድ ጥያቄ ነበር፤ ከ2012 ዓ.ም. ምን ተማርን? አንዳንድ ቤቶች ተምረው ነበር። በሽታው ምን እንደ ሆነ፣ እንዴት እንደሚተላለፍ፣ ስለ ምን ዘመድ ቤት እንደማይኬድ ልጆቻቸውን ሰብስበው በልጅ ቋንቋ ያስረዱ ወላጆች አይተናል። አንዳንዶቻችን ግን እንደ ቀድሞው በልጆች ፊት በሹክሹክታ እየተነጋገርን፣ ሲጠይቁን ‹ሂድ ወደ ውጭ› አልናቸው።

ጌታ በክፍሉ ውስጥ ያደረጋቸው አራት ነገሮች

እንግዲህ ወደ ኢያኢሮስ ቤት እንመለስ። ጌታችን በዚያ ቤት ያደረጋቸውን አራት ነገሮች ለቤተሰባችንና ለቁምስናችን መመሪያ እናድርጋቸው።

በመጀመሪያ ጫጫታውን አስወጣ። በደጅ የነበሩት በጌታ ቃል ላይ ስቀው ነበር፤ በልጅ መኝታ አጠገብ ግን ለሳቂና ለወሬኛ ስፍራ የለም። ልጅ ፍርሃቱን የሚናገረው ጸጥታ ባለበት፣ የሚስቅበት በሌለበት ነው። ስለዚህ በየቤታችን በሳምንት አንድ ማታ ስልኩም ቴሌቪዥኑም ጸጥ ብሎ፣ ልጆቹ የሚናገሩበትና ታላላቆቹ የሚሰሙበት ሰዓት ይኑር።

ሁለተኛ አባቷንና እናቷን ይዞ ገባ። ጌታ ብቻውን ገብቶ ሊያስነሣት ይችል ነበር። ወላጆቿን ያስከተለበት ምክንያት አለው ብለን እናምናለን፤ ልጅቷ ዓይኗን ስትገልጥ የምታያቸው እነርሱ ሊሆኑ ይገባ ነበርና። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ! ልጅ የከበደ ነገር ሲነግራችሁ የዚህችን ልጅ ካቴኪስት ምሳሌ ተከተሉ፤ ወላጆችን ይዛችሁ ግቡ። በልጁ ላይ ጉዳት የሚያደርሰው በራሱ ቤት ያለ ሰው ከሆነ ግን ልጁን ወደዚያው መመለስ አይገባም፤ ለቆሞሱና ለሚመለከተው የመንግሥት አካል በጊዜ አሳውቁ። ምሥጢር ጠባቂነት ክፉን መሸፈን አይደለም።

ሦስተኛ እጇን ያዘ። ሁለት ጊዜ በወረርሽኝ ምክንያት ልጆቻችንን ‹አትንኩ› ብለናቸዋል፤ በጊዜው ግድ ነበር። ነገር ግን ‹አትንኩ› ያልን አፍ አደጋው ሲያልፍ ‹አሁን ንኩ፣ አሁን እቀፉ› ማለት ይገባዋል። አዋጁ ሲነሣ ለአዋቂ በሬዲዮ ይነገረዋል፤ ለልጅ የሚነገረው በእናቱና በአባቱ እጅ ነው።

አራተኛ የምትበላው እንዲሰጧት አዘዘ። ታላቅ ተአምር ያደረገው ጌታ ስለ ልጅቷ ራት አሰበ። የቁምስናችን ማኅበራትና ዕድሮችም ከጸሎት ጋር ይህን ያስቡ። ለአንዲት ልጅ ደብተርና ሳሙና፣ ለአንድ እረኛ ልጅ ወደ ክፍሉ የሚመለስበት ዩኒፎርም፣ ለአንዲት ብቸኛ እናት ኩንታል በቆሎ፣ እነዚህ ሁሉ ጌታ በዚያ ክፍል የሰጠው ትእዛዝ ፍጻሜ ናቸው።

መዝገቡን እንግለጥ

በመጨረሻም ለካቴኪስቶች አንድ ሥራ እንሰጣለን፤ ለራሳችንም ጭምር ነው። አብያተ ክርስቲያናት እንደ ገና በተከፈቱ ጊዜ ስንት ሰው ተመለሰ ብለን ቆጥረን ደስ ብሎን ነበር፤ ማን ቀረ ብለን ግን አልጠየቅንም። በሉቃስ ምዕራፍ 15 ያለው እረኛ የቆጠረው የቀረችውን ለማወቅ ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ ካቴኪስት የ2012 ዓ.ም. የትምህርተ ክርስቶስ የስም መዝገብ ያውጣ። ከመጋቢት በፊት የነበሩትንና ከዚያ በኋላ ያልተመለሱትን ለይቶ ይጻፍ። ከዚያም ሁለት ሁለት ሆነን በየቤታቸው እንሂድ፤ ልጅቷ አግብታ ወደ ሌላ መንደር ሄዳ ቢሆን እስከዚያ እንሂድ፤ ልጁ ከከብት ጋር ቢሆን በከብቱ ማሰማሪያ እንፈልገው።

ስንደርስም በወቀሳ አንጀምር። ሦስት ነገር ብቻ እንጠይቅ፦ ያን ጊዜ ምን ትዝ ይልሃል? የፈራኸው ነገር ምን ነበር? አሁንስ ምን ትፈልጋለህ? መልሱን ሳናቋርጥ እንስማ። ለሁሉ መልስ ላይኖረን ይችላል፤ የዚያች ልጅ ወላጆችም መልስ አልነበራቸውም። እጇን ይዘው መቀመጥ ግን ችለዋል።

ወላጆችም ሆይ! ልጄ ረስቶታል አትበሉ። ዛሬ ማታ ከራት በኋላ ጠይቁት፤ ጥፋት ካለባችሁም ይቅርታ ጠይቁት። ልጁን ይቅርታ የሚጠይቅ አባት ክብሩን አያጣም፤ ኢያኢሮስ በሕዝብ ፊት በመውደቁ ልጁን በሕይወት አገኘ እንጂ የተዋረደበት ነገር የለም።

በኢያኢሮስ ቤት የልጅቷን እጅ የያዘው ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በጂንካ ከተማ፣ በአሪ ደጋና በኦሞ ቆላ ወዳሉ ቤቶቻችን ሁሉ ይግባ፤ ዝም ብለው የከረሙትን ልጆቻችንን ያናግርልን፤ እኛንም የሚሰማ ጆሮና የሚታገሥ ልብ ይስጠን። ሕፃኑን በስደት የጠበቁ እመቤታችን ድንግል ማርያምና ቅዱስ ዮሴፍ ያማልዱን። ለእግዚአብሔር ክብር ይሁን፤ አሜን።